በእታለም ላይ የተላከከው ቅጠል

ያን ቀን ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ቤቱ በእሳት የተያያዘ ሳይመስለው አይቀርም። ኧረ ምንም የተቃጠለ ነገር የለም! ምድጃው ላይ አንዲት ትንሽ ድስት ተጥዳለች፣ ድስቷ ውስጥ ቅጠል ይንተከተካል፣ አጠገቧ እታለም ማማሰያ ይዘው ቆመዋል። ይኸው ነው። የቤቱ ልጅ ፋርማሲስቷ ግን ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን እንኳን ሳታስቀምጥ ወጥ ቤቱን ቀውጢ አደረገችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቅጠል ነዋ።»

«የምን ቅጠል?»

«ለጭንቅላት ጥሩ ነው አሉኝ። ለእናትሽ ነው።»

«ማን ነው ያለሽ? ስሙ ምንድን ነው? መጠኑስ? እማዬ እኮ ደም የሚያቀጥን ኪኒን ትወስዳለች፣ ለመርሳቷ የታዘዘላትን የማስታወሻ ኪኒን ትወስዳለች! በዚያ ላይ አንቺ የማይታወቅ ሣር ቀቅለሽ ትግቻታለሽ? ልትገያት ነው እንዴ?»

እታለም የሟች አባቷ ታላቅ እህት ናቸው። ወንድማቸው ሲሞት ለሐዘኑ መጥተው፣ «ይቺን ሴት ብቻዋን ትቼማ አልሄድም» ብለው በዚያው የቀሩ። መልስ የሚቸግራቸው ሴት አይደሉም፤ ሲፈልጉ በምላሳቸው ሰው ይገሸልጣሉ። ያን ዕለት ግን አንገታቸውን ደፉ። ድስቷን ማጠቢያው ውስጥ ደፏት፣ ከመደርደሪያው ላይ የቀረውንም ቅጠል አውርደው በገዛ እጃቸው ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት።

«እሺ። አንቺ ተምረሻል፤ እኔ ምን አውቃለሁ። ሁለተኛ አይለምደኝም» አሉ።

ቃላቸውንም ጠበቁ። ይህን ከፋርማሲስቷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ድስቱን እያሸተተች፣ መደርደሪያውን እየፈተሸች አንዲት ቅጠል አላገኘችም።

እናቷ በደህናው ዘመን የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበሩ። ደዋዩ የሚፈልገውን ሰው ስም ጠርቶ ሳይጨርስ እሳቸው ሽቦውን ሰክተው ያገናኙት ነበር፤ ቁጥር የሚጽፉበት ወረቀት አልነበራቸውም፣ ሁሉም ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። እንግዲህ ያ ጭንቅላት ነው ቀስ በቀስ የከዳቸው። መጀመሪያ ምድጃ ማጥፋት ረሱ፣ ቀጥሎ የቤታቸውን በር፣ ከዚያ የባላቸውን መሞት። መርዶውን በሰሙ ቁጥር እንደ አዲስ ስለሚያለቅሱ እታለም «ሥራ ላይ ነው፤ ይመጣል» ማለት ለመዱ። አንዳንዴ ማንኪያ ያነሡና ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ «ሃሎ፣ ማንን ላገናኝዎት?» ይላሉ። እታለም ደግሞ ፊታቸውን ሳያፈቱ ሹካ ያነሡና፣ «እባክዎ ወጥ ቤቱን ያገናኙኝ፤ በረሃብ ልሞት ነው» ይላሉ። ከዚያ ሁለቱም እስኪያለቅሱ ይስቃሉ።

ልጆቻቸውንም ረሱ። ወንዱ ልጃቸው ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ አፉ ስለማያርፍ ሰፈሩ ሁሉ «ሞተር» ይለዋል። እሱ ሲመጣ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሠራተኛ ይመስላቸዋል። ፋርማሲስቷ ልጃቸው ስታጎርሳቸው፣ ስታለብሳቸው ደግሞ፣ «ይህቺ ልጅ ደግ ናት፤ የማን ልጅ ናት?» ብለው ይጠይቃሉ። የሚጠይቁት ማንን መሰላችሁ? እታለምን! የእታለም ስም ከአፋቸው ጠፍቶ አያውቅም። ሲነቁ እታለም፣ ሻይ ሲቀዳ እታለም፣ በር ሲንኳኳ እታለም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ፋርማሲስቷን ያንገበገባት ድስቱ ላይ ያለው ቅጠል ብቻ አልነበረም። ቅናት ነው። ያውም በአክስት! «አንቺ ሴት፣ ትንሽ አታፍሪም?» ትላለች ለራሷ። ታፍራለች። ግን የወለዷት እናት እንደ ባይተዋር ሲያዩአት ሆዷ ይብሳታል፤ ሆድ ደግሞ ሲብስ ምክር አይሰማም።

የምትሠራበት መድኃኒት ቤት አውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለው ጠባቡ ነው። ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ከመስታወቱ ጀርባ ትቆምና የመጣውን ሁሉ፣ «ከዚህ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ? ቅጠላ ቅጠልም ቢሆን ይንገሩኝ፤ አልቆጣም» ትላለች። ሰዉ መጀመሪያ ያፍራል፣ ይሽኮረመማል፣ ኋላ ይናገራል። እሷም እንዳለችው አትቆጣም። ቁጣዋን ለቤት ነው የምታስቀምጠው።

ከመድኃኒቶቹ ራቅ ብሎ፣ ቫይታሚኖቹ ያሉበት መደርደሪያ ላይ፣ የዛፍ ቅጠል ተጨምቆ የተሠራ እንክብል አለ። ጠርሙሱ ላይ ፈገግ ያለ ሽማግሌ ተሥሏል፤ «የማስታወስ ችሎታን ያግዛል» ይላል። ደም ማቅጠኛ ከሚወስድ ሰው ጋር እንደማይስማማ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ስንቱን ደንበኛ «ይህ ለእርስዎ አይሆንም» ብላ መልሳለች። ያንን ጠርሙስ አንድ ቀን ማታ ስትወጣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ምን ብላ ራሷን እንዳሳመነች ልንገራችሁ። የእታለም ቅጠል ድስት ውስጥ የተገኘ ነውና ሣር ነው፤ የእሷ ቅጠል ግን ጠርሙስ ውስጥ ነው፣ መጠን አለው፣ ክዳን አለው። ደግሞ እሷ ባለሙያ ናት፤ ትከታተላለች፤ ትንሽ ነገር ካየች ወዲያው ታቆማለች። የማስታወሻው ኪኒን ብቻውን የሚሸከመውን እንክብሉ ቢያግዘው ምን አለበት? እንዲህ እያለች ከጠዋቱ ኪኒኖች ጋር አንድ እንክብል ትጨምር ጀመር። ለሐኪሙ አልነገረችም። ቢነግሩት «አይሆንም» እንደሚል ታውቃለቻ!

እታለም ውኃውን ይዘው ቆመው፣ «አንድ ጨመረ እንዴ?» አሉ።

«ሐኪሙ ነው የጨመረው» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

«እሰይ። እግዜር ይስጠው።»

አንድ ቀን ጠዋት የእናቷን ፀጉር ታበጥራለች። እናቷ ትከሻቸውን ሰበቅ አደረጉና፣ «ኧረ ቀስ በይ ጩጬ፤ ታሳምሚኛለሽ» አሉ።

ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ። ጩጬ! ይህን ስም ከእናቷ በቀር የጠራት ሰው የለም፤ እሳቸውም ከጠሯት ዘመን የለውም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበታቸውን አቅፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እናቷ ራሷን እየዳበሱ፣ «ምነው? ወደቅሽ?» አሏት። ወዲያው ሁሉም ተመልሶ ጠፋ፤ ምሳ ሰዓት ላይ የማን ልጅ እንደሆነች ይጠይቁ ነበር። የእንክብሉ ሥራ ይሁን የኪኒኑ፣ ወይስ እንዲያው የደህና ጠዋት ነገር፣ ማን ያውቃል? አንድ ደንበኛ ይህንኑ ቢነግራት፣ «በአንድ ጠዋት ምንም ማለት አይቻልም» ትለው ነበር። ለራሷ ግን በማግስቱ እንክብሉን ሁለት አደረገችው።

ብዙም ሳይቆይ የእናቷ ክንድ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ የበለዘ ነገር ታየ። ጥርሳቸው ሲቦረሽም ድዳቸው ይደማ ጀመር።

«ይሄ ነገር ምንድን ነው? የሆነ ነገር መትቷት ይሆን?» አሉ እታለም።

«የእርጅና ቆዳ ነው፤ እንዲህ ያደርጋል» አለችና የእናቷን እጅጌ ወደታች ሳበችው።

ያየችው ምን እንደሆነ አጥታው አይደለም። ትንሽ ነገር ካየሁ አቆማለሁ ብላ አልነበር? ይኸው አየች። ግን ያቺ «ጩጬ» ከጆሮዋ አልወጣ አለች። አንዴ ብቻ ትድገምልኝ፣ ከዚያ አቆማለሁ አለች በልቧ።

እሁድ ዕለት እናቷ ጎንበስ ካሉበት ሲነሡ ክፍት የቀረ የቁም ሣጥን በር ግንባራቸውን ገጨት አደረጋቸው። ይህን ያህል የሚባል ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም «በሩ ሰላምታ አያውቅም» ብለው ሳቁ። ከሰዓት በኋላ ምላሳቸው ተሳሰረ፤ አንድ እጃቸው እንደ ሌላ ሰው እጅ ተንጠለጠለ። ሞተር በሥራ መኪናው ከፍሪጅ በርና ከቱቦ ጋር ጭኖ ሆስፒታል አደረሳቸው።

ሐኪሙ ጎልማሳ፣ ድካም የከበደው፣ ግን ትሑት ሰው ነው። «ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሷል፤ አሁን ወደ ቀዶ ጥገና እናስገባቸዋለን። ደም ማቅጠኛ እንደሚወስዱ አውቃለሁ። የደማቸው ሁኔታ ግን ከዚያም በላይ ሆነብኝ። ከታዘዘላቸው ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ? ዕፅም ቢሆን ንገሩኝ» አለ።

የራሷ ጥያቄ ነው! በየቀኑ ከመስታወቱ ጀርባ የምትጠይቀው! አፏን ከፈተች፤ ቃል ጠፋ። ሞተር ያያታል፣ ሐኪሙ ያያታል፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ነርስ ታያታለች። አንድ ቃል ብትተነፍስ ምን እንደምትባል ታያ‍ት። 

እታለም ወደ ፊት ራመድ አሉ። «እኔ ነኝ» አሉ። «ቅጠል አፍልቼ ሰጥቻታለሁ። ልጅቷ ስትቆጣኝ ትቼዋለሁ፤ ቆይቷል። ግን ሰጥቻታለሁ።»

«ምን ዓይነት ቅጠል ነው እናቴ?»

«ስሙን አላውቀውም። የቀረውንም ጥዬዋለሁ።»

ሞተር ተነሣ። «ትቼዋለሁ? ማን ነው የሚያምንሽ? ተደብቀሽ ስታጠጫት ከርመሽ አሁን ትቼዋለሁ ትያለሽ? እህቴ እንዴት እንደለመነችሽ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል!»

«ማርያምን! ትቼዋለሁ።»

ሐኪሙ ወደ ፋርማሲስቷ ዞረ። «እርስዎ የሚያውቁት አለ?»

«ድስት ላይ... አይቼዋለሁ» አለች።

አየችው፤ አልዋሸችም። እስከ ዛሬ ድረስ ከሁሉም በላይ የሚለበልባት ይህቺ ያልዋሸችበት ነገር ናት።

«እንግዲህ ምን ከምን ጋር እንደተጋጨ አላውቅም። የማይታወቅ ቅጠል ከሆነ ሁሉንም ነው የማቆመው፤ ደም ማቅጠኛውንም፣ የማስታወሻውንም ኪኒን» አለ ሐኪሙ።

የማስታወሻው ኪኒን ጥፋት እንደሌለበት ታውቃለች። ሲቋረጥ ደግፎ የያዘው ሁሉ እንደሚናድም ታውቃለች። «እሺ ዶክተር» አለች።

ከዚያ በኋላ ራሷን ስታባብል ምን እንዳለች ስሙኝ፦ ቅጠል ያው ቅጠል ነው፤ ሐኪሙ ቅጠል መሆኑን ሰምቷል፤ የእኔ መናገር ምን ይጨምራል? እናቷ ደሙ ወጥቶላቸው፣ በሕይወት ተርፈው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው ወደ ቤት ሲመለሱ ደግሞ፦ ይኸው ተረፈች አይደል፣ አሁን ነገር ማንሣት ለማን ይበጃል? አለች። ሰው ለራሱ ሲሆን ጠበቃው ብዙ ነው።

ሞተር እታለምን «ከእናቴ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አታድሪም» አላቸው። አልተከራከሩም። ልብሳቸውን በአንድ ሻንጣ ከተው ከተማው ዳር ወደምትኖር የእህታቸው ልጅ ቤት ሊሄዱ ተነሡ። በር ላይ ሲደርሱ ፋርማሲስቷን አቀፏት።

«ይቅር በይኝ ልጄ። ነግረሽኝ ነበር» አሉና ጉንጯን ሳሟት።

እሷም ሳመቻቸው። አፈር በበላች! ሳመቻቸውና በሩን ዘጋች።

ፈቃድ ወስዳ እናቷን ራሷ ትጠብቅ ጀመር። እናቷ በየክፍሉ እየተዘዋወሩ ይፈልጋሉ፤ መጋረጃ ይገልጣሉ። «እታለም የት ሄደች?» ይላሉ። «ትመጣለች» ትላለች። ማንኪያ አንሥተው፣ «እታለምን አገናኙኝ» ይላሉ። እሷ ሹካ አነሣችና ድምፅዋን ለወጥ አድርጋ «ሃሎ!» አለች።

እናቷ ትንሽ አዳመጡ። «ቁጥር ተሳስተዋል» ብለው ዘጉት።

ቀናት ሲያልፉ ጥያቄው እየቀለለ መጣ። ጠዋት ጠዋት ብቻ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ሲደክማቸው ብቻ። ማንኪያው ጆሮ ላይ መውጣቱን ተወ፣ ቆይቶም ምን እንደሚደረግበት ግራ ያጋባቸው ጀመር። ፋርማሲስቷ የሚሆነውን ቁልጭ አድርጋ ታየዋለች፤ የማስታወሻው ኪኒን ከቆመ ወዲህ እንደሆነም ታውቃለች። ነገ ለሐኪሙ እናገራለሁ ትላለች። ነገ ሲመጣ ሌላ ነገ ታገኝለታለች። ሰው «እናትሽ እንዴት ናቸው?» ሲላት ዓይኗ መሬት መሬት ያያል፣ ሞተር «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር» ሲላት መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ትላለች። 

አንድ ጠዋት እናቷን ስታጥብ የእታለምን ስም ከሰማች መቆየቷ ትዝ አላት።

«እማዬ፣ እታለም ትምጣልሽ?» አለች።

እናቷ በትሕትና ቀና ብለው አዩአት። «ማን?»

 ያ ስም እኮ ሁሉም ሲጠፋ የቀረ ስም ነበር! እሷ ስትቀናበት የኖረችው፣ አንዳንዴም ቢጠፋ ደስ ይለኛል ብላ ያሰበችው ስም። ይኸው ጠፋላት። እናቷን አደራርቃ፣ አልብሳ፣ ጎረቤት አጠገባቸው ቁጭ አድርጋ፣ ጫማዋን እንኳን በወጉ ሳታስር ወጣች።

እታለምን የእህታቸው ልጅ ቤት ውስጥ፣ የልጆች አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው አገኘቻቸው። ከስተዋል። ሲያዩአት ብድግ አሉ። «መጣሽ? ምነው፣ ደህና ናት?»

አልተቀመጠችም። በሩ ላይ እንደቆመች ሁሉንም ተናገረች፤ ጠርሙሱን፣ ሁለት ማድረጓን፣ የእናቷ ክንድ ላይ ያየችውን፣ ሐኪሙ ፊት ዝም ማለቷን። እንባዋ ቃሏን እያቋረጠው፣ እንደገና እየጀመረች ተናገረች።

እታለም አልጋው ላይ ተመልሰው ቁጭ አሉ።

«ሐኪሙ ነው የጨመረው አላልሽኝም?»

«ዋሽቼሽ ነው።»

«እኔ እኮ ገዳይ ነኝ ብዬ ነው የከረምኩት» አሉ። ድምፃቸው መጀመሪያ ዝግ ያለ ነበር። «ትቼው እንኳን፣ ያቺ በፊት የጠጣቻት ከሰውነቷ ሳትወጣ ቀርታ ይሆናል እያልኩ። ፈጣሪን ይቅር በለኝ እያልኩ። ያንቺን ኃጢአት ነው ለካ እኔ ስናዘዝልሽ የከረምኩት! ደግሞ ስሜሽ ወጣሁ! ውጪልኝ! ከፊቴ ጥፊ!»

ወጣች። የግቢው በር ጋ ስትደርስ፣ «ቆይ!» የሚል ድምፅ ሰማች። እታለም አንድ እግራቸውን ጫማ አግብተው፣ ሌላኛውን በእጃቸው ይዘው እየመጡ ነው።

«ለሐኪሙ ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«አሁንም?»

«አሁንም።»

«ኧረ አንቺ ምን ዓይነት ፍጥረት ነሽ?» ጫማቸውን አደረጉ፤ ተመልሰው ሻንጣቸውንም ይዘው ወጡ። «ከአንቺ ጋር ያለኝን ኋላ እጨርሳለሁ። አሁን ሂጂ፣ ምሪኝ።»

ሐኪሙ እስክትጨርስ አዳመጣት። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻላት ነበር። «ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ እንክብሉንና ደም ማቅጠኛውን ብቻ ነበር የማስቆመው» አለ። «የማስታወሻውን ዛሬውኑ እንጀምርላቸዋለን። ግን በመሃል የሄደው ብዙውን ጊዜ እንደማይመለስ እርስዎም አያጡትም።»

«አላጣውም» አለች።

እታለም አንዱን ያያሉ፣ ሌላውን ያያሉ። የሄደው ምን እንደሆነ አልጠየቁም፤ የነገራቸውም የለም። እሷ ልትነግራቸው ነበር። በመንገዱ ሁሉ «አሁን፣ አሁን» ስትል አውቶቡሱ ደረሰ።

ቤት ሞተር ነበር። እታለም በር ላይ አቆሟትና፣ «በይ ንገሪው፤ እኔ እየሰማሁ» አሏት። ነገረችው።  እህቱን አላያትም። ሊናገር ወደ እታለም ዞረ፤ እሳቸው በእጃቸው አስቆሙት። «አንተንም ኋላ ነው። መጀመሪያ እሷን ልያት።»

እናቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። እታለም ሻንጣቸውን መሬት ለቀቁትና እጃቸውን ዘርግተው ሄዱ፤ የእናቷን ሁለት እጆች ያዙ፣ ተጎነበሱ፣ ፊታቸውን ወደ እሳቸው አስጠጉ።

«መጣሁልሽ! እኔ ነኝ እኮ! እታለም!»

እናቷ አዩአቸው። ፈገግ አሉ፤ ለማያውቁት ሰው ደግ ሰው እንደሚያሳየው ፈገግታ። ከዚያ እጃቸውን ቀስ አድርገው አወጡና የራስ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ወደ ፋርማሲስቷም ዞረው ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ምነው ልጄ፣ እንግዳ ቆማ ትቀራለች እንዴ? ወንበር ስጫት እንጂ» አሉ።

የእታለም እጅ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብለው ቀና አሉና ፋርማሲስቷን አዩአት፤ ሐኪሙ ዘንድ ያልጠየቁት ነገር ገባቸው። አልተቆጡም። 

እሷም ሄዳ ወንበር አመጣች። እታለም አመሰገኑና ጫፉ ላይ ተቀመጡ።